ሐር ከልብስ ወደ ሕክምና፦ ስለ ሐር ፕሮቲን ማወቅ የሚገባን



ሐር መልበስ ለሙስሊም ወንድ እንደማይፈቀድ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንማር ያደግነው ጉዳይ ነው። ይሁንና ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወንድሞቻችን መካከል ቁስላቸው በሐር ክር የተሰፋ ጥቂት አይደሉም። ሐኪሞች «ሲልክ» እያሉ የሚጠሩት ክር ስሙ እንደሚናገረው ከሐር ትል የሚገኝ እውነተኛ ሐር ነው። ይህን የሰማ ወንድም «ታዲያ ይህ ለኔ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው።

ጥያቄው ወደፊት እየሰፋ መምጣቱም አይቀርም። ተመራማሪዎች ዛሬ ሐርን በክርነቱ ብቻ አይጠቀሙበትም። ፕሮቲኑን አሟሙተው የአጥንት ብሎን፣ የቁስል መሸፈኛ፣ መድኃኒት ተሸካሚ ጄል እና ክትባትን ከሙቀት የሚጠብቅ ስስ ንጣፍ እየሠሩበት ነው። በዚህ ጽሑፍ ሐር ከምን እንደተሠራ፣ ለሕክምና ለምን እንደተመረጠ፣ የትኛው ዛሬ ሥራ ላይ እንደዋለና የትኛው ገና በሙከራ ላይ እንዳለ፣ እንዲሁም ለሙስሊም ታካሚ ምን ትርጉም እንዳለው እንመለከታለን።

በቅድሚያ፦ ሸሪዓችን ምን ይላል?

ሐር መልበስ ለወንዶች የተከለከለ፣ ለሴቶች የተፈቀደ መሆኑ በሶሒሕ ሐዲሶች የተረጋገጠ ነው። በዚሁ ርዕስ ሥር ግን ሌላም ዘገባ እናገኛለን። ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) በነበረባቸው የሰውነት ማሳከክ ምክንያት ሐር እንዲለብሱ ፈቅደውላቸዋል። ሁለቱም በጀነት ከተበሰሩት አሥሩ ሶሐቦች መካከል ናቸው። ፈቃዱ የተሰጣቸው ለክብራቸው ወይም ለጌጥ አልነበረም፤ ለሕመማቸው ነበር።

ለወንድ በተከለከለው ወርቅ ላይም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ዐርፈጀህ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ ነበር። ከብር አፍንጫ ቢያሠሩም ብሩ ሽታ አመጣባቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ዘገባው አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘንድ ይገኛል። ልብ ብለን ካየነው፣ ወርቁ የተመረጠው ሰውነት ላይ ችግር ሳያስከትል ስለሚቆይ ነው። ዛሬም ለሰው አካል የሚሆን ቁስ የሚሠሩ ባለሙያዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይኸው ነው፦ ሰውነት ሳይቆጣ የሚቀበለው ነገር የትኛው ነው?

አብዛኞቹ ዑለማዎች ከእነዚህ ሐዲሶች በመነሳት ለሕክምና ሲፈለግ ሐርን መጠቀም እንደሚቻል ይናገራሉ። ቁስልን በሐር ክር መስፋት ደግሞ ጭራሽ ከመልበስ የተለየ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በሐር ክር የተሰፋ ወንድም ልቡ ሊጨነቅ አይገባም።

ሐር ከምን ተሠራ?

የሐር ትል ሙልቤሪ የሚባለውን ዛፍ ቅጠል እየበላ ያድጋል። ወደ እሳት እራትነት ከመለወጡ በፊት ከአፉ በሚያወጣው ክር ራሱን ጠቅልሎ ይተኛል። ባለሙያዎች ይህን ጥቅል ኮኩን ይሉታል። አንዱ ኮኩን ሳይበጠስ የተጠቀለለ አንድ ክር ሲሆን፣ ተተርትሮ ሲዘረጋ ከብዙ መቶ ሜትሮች እስከ 1 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ክሩ በዋናነት ሁለት ፕሮቲኖች አሉት። ውስጠኛው ፋይብሮይን ይባላል፤ ከጠቅላላው ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው። ጥንካሬው ያለውም እዚያ ነው። በላዩ ላይ የሚለጠፈው ሙጫ መሰል ፕሮቲን ደግሞ ሴሪሲን ይባላል። ሁለት የፋይብሮይን ክሮችን አንድ ላይ አጣብቆ ይይዛል።

ማንኛውም ፕሮቲን አሚኖ አሲድ በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ተሰካክቶ የተሠራ ነው። በተስቢሕ ክር ላይ የተሰካኩ ፍሬዎችን ማሰብ ይቻላል። በፋይብሮይን ትልቁ ሰንሰለት ላይ ከ5 ሺህ በላይ ፍሬዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ግላይሲንና አላኒን የሚባሉት ትንንሾቹ ናቸው። ትንንሽ በመሆናቸው አንዱ ሰንሰለት ከሌላው ጋር በጣም ተጠጋግቶ መደርደር ይችላል። እነዚህ ጥቅጥቅ ብለው የተደረደሩ ቦታዎች ለክሩ ጥንካሬ ይሰጡታል። በመካከላቸው ያሉት ላላ ያሉ ቦታዎች ደግሞ ሳይሰበር እንዲለጠጥ ያደርጉታል። ሐር እንዲህ ቀጭን ሆኖ እንዲህ የሚጠነክርበት ምስጢር አላህ (ሱ.ወ) በዚህች ትንሽ ትል ውስጥ ያኖረው ይህ አደራደር ነው። ሱብሐነላህ!

የቀዶ ሕክምና ክር

ቁስልን ከእንስሳት በተገኘ ክር መስፋት ለሙስሊሞች የሕክምና ታሪክ እንግዳ አይደለም። የአንዳሉሱ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1013 አካባቢ ከማረፋቸው በፊት በ30 ክፍሎች ባዘጋጁት «አት-ተስሪፍ» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ከእንስሳት አንጀት በተሠራ ክር መስፋትን ጽፈዋል። የአንጀት ክር ሰውነት ውስጥ ራሱ ሟሙቶ ስለሚጠፋ ለውስጥ አካል ተመራጭ ነበር።

የሐር ክር ደግሞ በሌላ ባሕርይው ተወደደ። ለስላሳ ነው፤ ለእጅ ይመቻል፤ ቋጠሮው አይፈታም። በሕክምናው ዓለም «የማይሟሟ» ከሚባሉት ክሮች ይመደባል። ይህ ምደባ ግን በልማድ የቆየ ነው። እውነታው በሰውነት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ሐርን ቀስ እያሉ ይቆራርጡታል፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ አብዛኛውን ጥንካሬውን ያጣል።

እንከንም አለው። በቀድሞ ጊዜ በሐር ክር የተሰፉ አንዳንድ ታካሚዎች አለርጂ ይነሳባቸው ነበር። ጥናቶች ለዚህ በዋናነት ተጠያቂ ያደረጉት ከፋይብሮይኑ ጋር ሳይለይ የቀረውን ሴሪሲን ነው። ለዚህም ነው ዛሬ የቀዶ ሕክምና ሐር ሙጫው ከታጠበ በኋላ በሰም ወይም በሲሊኮን ተሸፍኖ የሚቀርበው። በተጨማሪም ክሩ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ በመሆኑ ባክቴሪያ በጉንጉኑ መካከል ሊሸሸግ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች የተበከለ ቁስልን በሌላ ክር መስፋትን ይመርጣሉ።

ሐርን አሟሙቶ እንደገና መሥራት

ክሩ በሰውነት ውስጥ እንዲህ ተቀባይነት ማግኘቱ ተመራማሪዎችን ወደ ሌላ ሐሳብ መራቸው፦ ሐርን ወደ ፈሳሽነት መልሰን የምንፈልገውን ቅርጽ ብንሰጠውስ? በዚህ ሥራ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ በአሜሪካ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፕሮፌሰር ዴቪድ ካፕላን የምርምር ቡድን ነው።

አሠራሩ ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ ኮኩኑ ተቆራርጦ ሶዲየም ካርቦኔት በተጨመረበት ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቀቀላል፤ ሴሪሲኑ በዚህ ይወገዳል። የቀረው ፋይብሮይን ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ሊቲየም ብሮማይድ በሚባል ጨው ውፍረት ባለው ውሕድ ውስጥ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሰዓታት ይቆያል። ጨው ጥቅጥቅ ያሉትን ክፍሎች ስለሚያላቅቃቸው ሐሩ ይሟሟል። ከዚያም ፈሳሹ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት ከረጢት ተደርጎ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ለሁለት ቀናት ያህል ይዘፈዘፋል። ጨው በቀዳዳዎቹ ወጥቶ ይሄዳል፤ ትልልቆቹ ፕሮቲኖች ይቀራሉ። በመጨረሻ የሚገኘው ውኃና ሐር ብቻ ነው።

ይህ ፈሳሽ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ፈስሶ ሲደርቅ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ንጣፍ ይሆናል። ከጨው ፍሬ ጋር ተደባልቆ ከረጋ በኋላ ጨው ሲታጠብ ስፖንጅ ይሆናል፤ ሕዋሳት በቀዳዳዎቹ ገብተው ሊያድጉበት ይችላሉ። በድምፅ ሞገድ ሲነቃነቅ ደግሞ ወደ ጄልነት ይለወጣል።

ትልቁ ጥቅም ግን ጊዜን መቆጣጠር መቻሉ ነው። ጥቅጥቅ ያሉት ክፍሎች እንዲበዙ ከተደረገ ሐሩ ሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ እንዲያንሱ ከተደረገ ቶሎ ይሟሟል። ለቁስል መሸፈኛ ጥቂት ቀናት፣ ለአጥንት ወራት፣ ለጅማት ከዚያም በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። አንዱ ቁስ እንደየፍላጎቱ የሚስተካከል መሆኑ ሐርን ከሌሎች የተፈጥሮ ቁሶች ለየት ያደርገዋል።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ በብረት ብሎን ይታሰርለታል። ብረቱ ካስቸገረው ለማስወጣት ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይገባል። የካፕላን ቡድንና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ባደረጉት ጥናት ከሐር ብቻ የተሠሩ 28 ብሎኖችን በ6 አይጦች እግር አጥንት ላይ አስገብተው ለ4 እና ለ8 ሳምንታት ተከታትለዋል። ብሎኖቹ በቦታቸው የያዙ ከመሆናቸውም በላይ መሟሟት ጀምረው ነበር። ጥናቱ በአይጥ ላይ የተደረገ እንጂ በሰው ላይ ያልተረጋገጠ መሆኑን ግን ልብ ይሏል።

የሸረሪት ድርስ?

በሱረቱል ዐንከቡት 41ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ከእርሱ ሌላ ረዳት የያዙ ሰዎችን ቤት በሠራች ሸረሪት ይመስላል፤ ከቤቶች ሁሉ ደካማው የሸረሪት ቤት መሆኑንም ይነግረናል። አንዳንድ ሰዎች «የሸረሪት ድር እኮ ጠንካራ ነው ይባላል» ብለው ይጠይቃሉ። ግራ የሚያጋባ ነገር የለም። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ቤቱ ነው። ሙፈሲሮችም ቤቱ ከሙቀትም ከብርድም የማያስጥል መሆኑን ገልጸዋል። የአንዷ ክር ጥንካሬና የቤቱ ደካማነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የክሩ ጥንካሬ በእርግጥ ሳይንቲስቶችን ያስደንቃል። ችግሩ ሸረሪትን እንደ ሐር ትል ማርባት አለመቻሉ ነው፤ አንድ ላይ ሲቀመጡ እርስ በርስ ይበላላሉ። ስለዚህ የድሩን ጂን ወስዶ ለሌላ ሕያው ነገር መስጠት ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ራንዲ ሉዊስና ባልደረባው የድሩን ጂን በከፊል ለይተው አወጡ። ከዚያ በኋላ በካናዳ የሚገኝ ኔክሲያ የተባለ ኩባንያ ጂኑን ለፍየሎች ሰጥቶ ፕሮቲኑ በወተታቸው ውስጥ እንዲወጣ አድርጎ ነበር። ፕሮቲኑ ተገኘ፤ ሸረሪቷ እንደምትፈትለው አድርጎ መፍተል ግን ከባድ ሆነ።

ምክንያቱ ኋላ ላይ ግልጽ ሆነ። ሸረሪቷ ፕሮቲኑን በፈሳሽነት ታስቀምጠውና በቀጭን ቧንቧ ስታሳልፈው አሲድነቱን ደረጃ በደረጃ ትጨምራለች። በዚህ ጊዜ የፕሮቲኑ ጫፎች እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ሲሳብም ክር ይሆናል። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ መንገድ ተከትለው ባክቴሪያ ያመረተውን ፕሮቲን በውኃ ብቻ ፈትለው አሳይተዋል። ከ1 ሊትር የባክቴሪያ ውሕድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ክር ለመፍተል የሚበቃ ፕሮቲን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች የሐር ትልን ጂን ቀይረው ትሉ ራሱ የሸረሪት ድር ፕሮቲን እንዲፈትል አድርገዋል።

ክትባት፣ ሙቀትና የጄላቲን ጉዳይ

ለኛ ማኅበረሰብ ከሁሉ ይበልጥ የሚመለከተን ምናልባት ይህ ክፍል ነው። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ መጠበቅ አለባቸው። ማቀዝቀዣው ከተቋረጠ ክትባቱ ኃይሉን ያጣል። እንደ አፋርና ሶማሌ ክልል ባሉ ሞቃታማ አካባቢዎች፣ መብራት ከሌለበት ጤና ኬላ ሕፃን ድረስ ክትባቱን በቅዝቃዜው ማድረስ ምን ያህል እንደሚከብድ የጤና ባለሙያዎቻችን ያውቁታል።

የካፕላን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን በደረቅ የሐር ንጣፍ ውስጥ አስቀምጦ ፈትኗል። ክትባቱ በ45 ዲግሪ ሙቀት ለ6 ወራት ቆይቶ 85 በመቶ ያህል ኃይሉን እንደጠበቀ ተገኝቷል። የሐሩ ፕሮቲን የክትባቱን ቅንጣቶች ዙሪያቸውን ይዞ ስለሚያጠብቃቸውና እርጥበት ስለሚያርቅላቸው ነው። ከዚህ ምርምር የተነሳው ቫክሴስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ የጥቃቅን መርፌዎች ፕላስተር በሐር እየሠራ በሰው ላይ መሞከር ጀምሯል።

ሁለተኛው ነገር የጄላቲን ጉዳይ ነው። አንዳንድ ክትባቶች እንዳይበላሹ ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን ይጨመርባቸዋል። በዚህ ምክንያት በልባቸው ጥርጣሬ የሚገባባቸው ወላጆች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በኩዌት የተሰባሰቡ የፊቅህና የሕክምና ሊቃውንት፣ ነገሩ ባሕርይው ፈጽሞ ከተለወጠ ነጃሳነቱ ይቀራል በሚለው የኢስቲሓላ መርህ ጄላቲኑን ንጹሕ ብለውታል። ሌሎች ዑለማዎች በዚህ አይስማሙም። የኢንዶኔዥያ ዑለማዎች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ፈትዋ የኩፍኝና የሩቤላውን ክትባት ከአሳማ በተገኘ ነገር ምክንያት ሐራም ቢለውም፣ ሌላ አማራጭ ባለመኖሩና በሽታው አደገኛ በመሆኑ በደሩራ መጠቀም እንደሚቻል ወስኗል። በሁለቱም መንገድ የተደረሰበት ውጤት አንድ ነው፤ ልጅ ይከተባል።

ሐር ከአሳማ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የጄላቲንን ሥራ በሐር መሥራት ከተቻለ ይህ ክርክር በብዙ ቦታ ከሥሩ ይነሳል። ነገር ግን አጥብቀን የምንለው አለ፦ የሐር ክትባት እስኪመጣ ብሎ ዛሬ ያለውን ክትባት ማስቀረት ትክክል አይደለም። ኩፍኝ አይጠብቅም።

ዛሬ የት ደርሷል?

ስለ ሐር የሚወራው ብዙ ስለሆነ ያለውንና የሌለውን መለየት ያስፈልጋል። የቀዶ ሕክምናው ክር በዓለም ዙሪያ ሥራ ላይ ነው። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን፣ የሳሳ ሥጋን ለመደገፍ የሚያገለግል ከሐር የተሠራ መረብና፣ የድምፅ አውታር ለደከመባቸው ሰዎች በመርፌ የሚሰጥ የሐር ውጤት ፈቃድ አግኝተዋል። የአጥንት ብሎኑ፣ የነርቭ ቧንቧው፣ ከሸረሪት ድር የሚሠሩት አብዛኞቹ ውጤቶችና የሐር ክትባቱ ግን ገና በምርምር ወይም በሙከራ ደረጃ ላይ ናቸው።

ስለዚህ «የሐር ፕሮቲን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቅባት ሁሉ መድኃኒት አይደለም። በገበያ ላይ ቁስል ይዘጋል፣ ጠባሳ ያጠፋል ተብሎ የሚሸጥ ነገር ሲያጋጥመን በመድኃኒትነት የተመዘገበ መሆኑን ፋርማሲ ባለሙያ መጠየቅ ይገባናል።

ከሊቃውንቶቻችን መልስ የሚሹ አዳዲስ ጉዳዮችም አሉ። ለምሳሌ ፍራፍሬ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚቀባ የሐር ፕሮቲን በአሜሪካ ተሠርቷል። ይህ በአፍ የሚወሰድ ነው። ከአንበጣ በስተቀር ነፍሳትን መብላት በአብዛኞቹ መዝሀቦች ስለማይፈቀድ፣ በማሊኪ መዝሀብ ደግሞ በመስፈርት ስለሚፈቀድ፣ ጉዳዩ ቁስልን ከመስፋት የተለየ ብይን ይፈልጋል።

የሐር ትል በሀገራችን

የሐር ትል ርባታ በኢትዮጵያም አለ። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በሐር ትል ላይ ሲሠራ ቆይቷል። በሀገራችን ከሚረቡት አንዱ «ኤሪ» የሚባለው ዝርያ ሲሆን የሚመገበው የጉሎ ቅጠል ነው። ጉሎ ደግሞ በየጓሮውና በየመንገዱ ዳር የሚበቅል ተክል ነው። እስካሁን ምርቱ የሚውለው ለሽመና ነው። የኤሪ ፕሮቲን አደራደር ከሙልቤሪው ትል ስለሚለይ ለማሟሟት ይከብዳል፤ አብዛኛው የሕክምና ምርምርም የተሠራው በሙልቤሪው ላይ ነው። ቢሆንም ጥሬ ዕቃው በእጃችን መኖሩ በባዮቴክኖሎጂና በኬሚስትሪ ለሚማሩ ወጣቶቻችን ሊታሰብበት የሚገባ በር ነው።

ለታካሚና ለቤተሰብ

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ሐኪሙን ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ መብቱ ነው። የሚሰፋልኝ ወይም የሚገባልኝ ነገር ከምን የተሠራ ነው? ከአሳማ የተገኘ ከሆነ እኩል የሚሠራ ሌላ አማራጭ አለ? ከዚህ በፊት በክር ምክንያት አለርጂ ተነስቶብኝ ከሆነ ምን ይሻላል? ጥያቄው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በትሕትና ቢነሳ ሐኪሙም ለመምረጥ ጊዜ ያገኛል። በድንገተኛ አደጋ ጊዜ ግን ነፍስን ማዳን ይቀድማል።

ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ለዙበይር (ረ.ዐ) የተሰጠው ፈቃድ የሚያስተምረን ዲናችን በሽተኛውን የሚያይ መሆኑን ነው። የተከለከለው ሐር ለሚያሳክክ ገላ እፎይታ ሆነ። ዛሬ ደግሞ ያው ሐር ቁስል ይሰፋል፤ ነገ ኢንሻአላህ የበረሃ ሕፃን ክትባቱን ሳይበላሽ ያገኝበት ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙ ወንድሞችና እህቶቻችን ሙሉ ሺፋውን ይስጣቸው። ወላሁ አዕለም።